ለሌላ መኪና የተሰጠ ምክር፦ የቤት መኪና ወጪን ስለ መቀነስ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

የቤት መኪና ባለቤቶች ወጪያቸውን እንዲቀንሱ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አይቻለሁ። ጸሐፊው ከሰጧቸው ምክሮች ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ቁልቁለትን ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ፣ በኩላንት (በሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ፋንታ ንጹሕ ውሃ መጠቀም፣ ሞተር የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱን አስወጥቶ መጣል፣ ወደ ቆላ ሲወረድ የጎማ ንፋስ መቀነስ፣ ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ጥርሱን አይቶ መምረጥ፣ ላረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት መሙላት፣ ዘይትን በቀለሙ እያዩ መቀየር፣ አልጠፋ ያለ የኤርባግ መብራትን ማስነቀል፣ እንዲሁም በከተማ ውስጥ ለሚደረግ አጭር ጉዞ ሕፃናትን በእናት እቅፍ ይዞ መሄድ ናቸው።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉ አልጠራጠርም። የመለዋወጫ ዋጋ እየናረ፣ የነዳጅ ወጪም የደመወዝተኛውን ኪስ እየጎዳ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ በተለይም በ2016 ዓ.ም የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ለብዙ ዓመታት ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል። የምክሮቹ ችግር የሚገለጠው ከየት እንደመጡ ሲታይ ነው። አብዛኞቹ ፔጆ 404ንና ፊያት 124ን የመሳሰሉ ካርቡሬተር (ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላቸው መኪኖች በመንገዳችን ላይ በበዙበት ዘመን ከሾፌር ወደ ሾፌር፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት ሲተላለፉ የቆዩ ናቸው። በዚያን ጊዜ ከፊሎቹ ትክክል ነበሩ። ዛሬ በምንነዳው መኪና ላይ ሲሠራባቸው ግን ቁጠባ የተባለው ነገር ወጪውን ከነዳጅ ማደያው ወደ ጋራዡ ያዛውረዋል፤ አንዳንዱም ወጪውን በኋላ ወንበር በተቀመጡት ልጆች ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ምክሮቹን በየተራ ማየት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመጀመሪያው ምክር ጸሐፊው ቁልቁለት ላይ ማርሽን ዜሮ ማድረግ፣ ቁልቁለቱ ረዥም ከሆነም ሞተሩን ማጥፋት ቤንዚን እንደሚቆጥብ ይገልጻሉ። ካርቡሬተር ባለው ሞተር ይህ እውነትነት ነበረው። ካርቡሬተር የሚታዘዘው ሞተሩ ለሚስበው አየር ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድና ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር በሚኒሞ (የነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ከሚዞርበት ጊዜ የበለጠ ቤንዚን ይሄድ ነበር። ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጭ ዕቃ) ያለው ሞተር ግን የሚታዘዘው ለኮምፒውተር ነው። አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንስቶ መኪናው በማርሽ ሲወርድ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን እያዞሩት ያሉት ጎማዎቹ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ኢንጀክተሮቹን ጨርሶ ይዘጋቸዋል። የሞተሩ ዙር ወደ ሚኒሞ እስኪቀርብ ድረስም አንዲት ጠብታ ቤንዚን አይረጭም። ማርሹ ዜሮ ሲሆን በአንጻሩ ሞተሩ ከጎማዎቹ ይለያያል፤ እንዳይጠፋም ከታንከሩ ቤንዚን እየወሰደ ራሱን ማዞር ይኖርበታል። በሌላ አነጋገር ጸሐፊው ለቁጠባ ብለው የመከሩት መንገድ ከሁለቱ ይበልጥ ነዳጅ የሚበላው ነው።

ነገሩ በነዳጅ ብቻ ቢያበቃ ይህን ያህል ባላሳሰበኝ ነበር። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ በረሃን የሚወርደው መንገድ ድልድዩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። አባት፣ እናት፣ ልጆችና ሻንጣ የጫነች ትንሽ መኪና በአጠቃላይ 1,400 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ ከዚያ ከፍታ ስትወርድ የምታራግፈው ጉልበት ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱታል። የቀረውን የሚሸከመው ወይ ሞተሩ ነው፣ ወይ ፍሬኑ ነው። ማርሹ ዜሮ ከሆነ ሞተሩ ከሥራው ስለወጣ ሸክሙ በሙሉ በአራት ጎማዎች ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በዝርዝር መናገር ይገባል። የፍሬን ሸራው በጣም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ አሽከርካሪውም ፔዳሉን አጥብቆ እየረገጠ መኪናው እንደ ቀድሞው አልቆም ይለዋል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲዘልቅ ደግሞ የከፋው ይመጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ በቂ እርጥበት ከሳበ በኋላ የመፍያው መጠን ወደ 140 ዲግሪ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ አረፋ ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በየዜናው «ፍሬን እምቢ ብሎት» ሲባል ከምንሰማቸው አደጋዎች መካከል መኪናው ሲመረመር የተበጠሰ ቱቦም ሆነ የፈሰሰ ዘይት የማይገኝበት ሁኔታ ሊያጋጥም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ አረፋው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ከዚህም ይብሳል። የፍሬን ፔዳልን የሚያቀልለው አጋዥ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚሠራ ሞተር ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ለመርገጥ የሚበቃ ቅሪት ብቻ ይኖረዋል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። መሪውም አጋዡን ስለሚያጣ ይከብዳል። ቁልፉ ጨርሶ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል፤ በዓባይ በረሃ ጥምዝ ላይ መሪው የተቆለፈበት ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል አላውቅም።

ትክክለኛው አወራረድ ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ መኪናው ገና ሳይፈጥን፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ መግባት ነው። ማንዋል ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይሆናል፤ አውቶማቲክ ከሆነ በካምቢዮው ላይ «2»፣ «ኤል»፣ «ኤስ» ወይም «ቢ» ተብሎ የተቀመጠው ቦታ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ብዙ የቪትዝ ባለቤቶች መኪናቸውን ከገዙ ጀምሮ ነክተውት አያውቁም። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ፣ የዙር መቁጠሪያው ቀዩ መስመር ላይ እስካልደረሰ ድረስ የሚጎዳ ነገር የለም። ፍሬንን በተመለከተ፣ እግርን በስሱ አሳርፎ ኪሎ ሜትሮችን ከመጓዝ ይልቅ ጠንከር አድርጎ ፍጥነትን መቀነስና መልቀቅ፣ ለመቀዝቀዝም ፋታ መስጠት ይሻላል። ከቸርኬው አካባቢ የተቃጠለ ሽታ ወይም ጭስ ከመጣ ምቹ ቦታ ፈልጎ መቆምና በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ያጣምመዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚወርደውም ሰው ይኸው ይሠራል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር ነገር መሆኑን ደግሞ ለቦሎ ምርመራ በሚኬድበት ወቅት እንኳ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ኩላንት ልሻገር። ጸሐፊው ኩላንት ውሃ በሚቀዘቅዝበት አገር ላሉ ሰዎች የተሠራ ስለሆነ ለእኛ ትርፍ ወጪ ነው ብለዋል። አንድ ነገር ላይ እስማማለሁ፦ ንጹሕ ውሃ ሙቀትን በመሸከም ረገድ ከኩላንት ቅልቅል አያንስም፣ እንዲያውም ይበልጣል። ነገር ግን ውርጭን መከላከል የኩላንት አንዱ ተግባር ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ሞተሮች ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና ራዲያተር በአብዛኛው ከአልሙኒየም የተሠሩ ናቸው፤ በኩላንት ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ይህን አልሙኒየም ከመበላት፣ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃሉ፣ የውሃ ፓምፑንም ማኅተም ያለሰልሳሉ። የቧንቧ ውሃ፣ ይልቁንም የጉድጓድ ውሃ የያዘው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየውን ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረን መኪና የውሃ ፓምፕ የፈታ መካኒክ ምን እንደሚያይ ያውቃል፦ ቢላዎቹ ጫፋቸው ተበልቶ፣ ከውስጥ የሚፈሰው ውሃ ቡና መስሎ፣ ቱቦው በተያያዘበት ቦታ ላይ አልሙኒየሙ እንደ ዱቄት እየተፈረፈረ።

ከፍታን በተመለከተም ጸሐፊው ያላሰቡት ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም የሆነው የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ነው። ሞተር ግን በተለመደ ሥራው ወደዚሁ መጠን ይጠጋል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ጤነኛ ክዳን ግፊት አምቆ በመያዝ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ኩላንት ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ስለዚህ ላስቲኩ ያረጀ ወይም ልኩ ያልሆነ ክዳን በባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ ይልቅ በእኛ ከተማ የበለጠ ያስፈራል። መኪናው ሽቅብ ሲወጣ እየፈላ ለሚያስቸግረው ሰው ቴስታታ ከማስፈታቱ በፊት ክዳኑን እንዲያስመረምር እመክራለሁ፤ በመጨረሻ የሚታሰበው እሱ ነው፣ ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። ይህንኑ ክዳን ሞተሩ እንደጋለ መክፈት ግን ፊትንና እጅን ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ሞተሩ ከፈላ አጥፍቶ፣ ክዳኑ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

ቴርሞስታትን አስወጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነገር ሆኗል፤ ጸሐፊውም የሰሙትን ነው ያስተላለፉት። ቴርሞስታት ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ ዘግቶ የሚይዝ በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ ለረዥም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ በአዲስ አበባ የጧት ብርድ አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ሥራ ቦታው እስኪደርስ ሳይሞቅ ሊቀር ይችላል። ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያምን ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይረጫል። ያልተቃጠለው ቤንዚንና እርጥበቱ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላሉ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጦ ላየ ሰው እንደ ክሬም ነጭ ነገር ተጣብቆ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጩ ቱቦ ስለሚዞር፣ ሙቀት ይቀንሳል የተባለው ሥራ ሙቀቱን ይጨምረዋል። ከሁሉም በላይ ግን ሞተሩን ያሞቀው ዋናው ምክንያት፣ የተደፈነ ራዲያተርም ይሁን የማይዞር ቬንትሌተር ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጋስኬት፣ ተደብቆ ይቆያል።

ቴርሞስታት መሥራት አለመሥራቱን ማንም ሰው በኩሽናው ሊያረጋግጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈትበት መጠን በላዩ ላይ ተቀርጿል፤ ለምሳሌ 82 የሚል ይሆናል። በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ እሳት ላይ ማኖር ነው። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር፣ ገና ሳይንፈቀፈቅ፣ መሐሉ ላይ ያለው ክብ ብረት ከመቀመጫው ቀስ ብሎ ሲነሳና ዙሪያውን ክፍተት ሲፈጥር ይታያል። ውሃው ፈልቶ ካልተነሳ የተበላሸ ነው፤ ቀዝቃዛ እያለም ክፍት ከሆነ እንደዚሁ። የተበላሸውን በአዲስ መተካት እንጂ ቦታውን ባዶ መተው መፍትሔ አይደለም።

የጎማውን ምክር በሁለት ከፍዬ አያለሁ። ጸሐፊው ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር የሚወርድ ሰው ጎማው በሙቀት እንዳይፈነዳ አምስት ስድስት ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) እንዲያስቀንስ ይመክራሉ። ይህ ምክር ጎማን የሚያፈነዳው ምን እንደሆነ ካለማወቅ የመጣ ነው። በቤት መኪና ጉዞ ጎማን የሚገድለው በአብዛኛው ውስጡ ያለው ግፊት መብዛቱ ሳይሆን የጎማው ጎን በየዙሩ መታጠፉ የሚፈጥረው ሙቀት ነው፤ ንፋሱ ባነሰ ቁጥርም ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል። ሰው በጫነና በፈጣን መንገድ ላይ በሚበር መኪና ይህ ሙቀት ተጠራቅሞ የጎማውን ንብርብር ያላቅቀዋል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ በከተማ ውስጥ በ40 ሲሄዱ ችግራቸው የማይታወቅ ጎማዎች ለሰዓት ያህል በ100 እንዲሮጡ ስለሚገደዱ ነገሩ ከቀድሞው ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል።

ስሌቱም ቢሆን ጸሐፊውን አይደግፍም። ጧት አዲስ አበባ ላይ በ15 ዲግሪ ቅዝቃዜ 32 ፒ.ኤስ.አይ የተነፋ ጎማ አዋሽ ሲደርስ በ33 ዲግሪ አየር ውስጥ ይገባል፤ ከዚህ የተነሳ ግፊቱ 2 ከግማሽ ያህል ይጨምራል። ነገር ግን አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ስለሆነ የውጭው አየር ከአዲስ አበባው ይልቅ ከባድ ነው፤ ይህም መለኪያው የሚያሳየውን ግፊት በ2 ያህል መልሶ ይቀንሰዋል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሊጠፋፉ ትንሽ ይቀራቸዋል። ጎማው በመሮጥ የሚጨምረውን ሙቀት ደግሞ አምራቹ አስቀድሞ አስቦበታል። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ጎማው ቀዝቅዞ እያለ የሚለካ ነው፤ ለሙሉ ጭነት ከፍ ያለ ቁጥር ከተሰጠም ቤተሰብ ተጭኖ ሲኬድ የሚሠራው ያ ነው። ጎሚስታው በግምት «ይበቃዋል» ያለውን ከመቀበል የራስን መለኪያ መኪና ውስጥ ማኖር ይሻላል።

ያገለገለ ጎማን በጥርሱ ጥልቀት መምረጥ ግማሽ እውነት ነው። ሊሾ የሆነ ጎማ በክረምት ዝናብ ላይ እንደማይያዝ ሁሉም ያውቃል፤ በብዙ አገሮች የመጨረሻው ወሰን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ከሚመጡት ምልክቶች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2314 የሚል ካለ ጎማው እንደ ፈረንጆቹ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ፣ በጥቁር ቀለም ተወልውሎ ሊቀርብ ይችላል። በጥፍር ጎኑን ጫን ሲሉት ወይም በጥርሶቹ መሐል ያለውን ቦይ ከፈት አድርገው ሲያዩት ግን ፀጉር መሰል ስንጥቆች ይታያሉ። አሃዞቹ የተፋቁ ከሆነ ደግሞ ያን ጎማ አለመግዛት ነው።

በዘይት ጉዳይ ላይ አጭር እሆናለሁ። ወፍራም ዘይት ያረጀ ሞተርን ድምፅ ለጊዜው እንደሚያለዝብ እቀበላለሁ። ነገር ግን በቪትዝና በኮሮላ ላይ ያለው ቪቪቲ-አይ የሚባለው አሠራር የካሙን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አቀማመጥ የሚያዛውረው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችም ጠባብ ናቸው። በመመሪያው 5 ደብሊው 30 እንዲሞላ የተባለ ሞተር ላይ 20 ደብሊው 50 ሲሞላ፣ በጧት ብርድ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ ድረስ ብረት በብረት ላይ ይፈጫል። ቀለምን አይቶ መቀየርም አያስኬድም፤ ጥሩ ዘይት ጥላሸቱን እያጠበ ስለሚይዝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱን ያሳያል፤ ያረጀ ዘይት ደግሞ ሳይጠቁርም ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። አቧራና መጨናነቅ በበዛበት ከተማችን 5,000 ኪሎ ሜትርን መጠበቅ ተገቢ ነው። ጸሐፊው ጧት ሞተሩ ሳይነሳ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ ማየትን አስመልክተው የጻፉት ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ብዙ ሞተር የሚቃጠለው ዘይት አንሶበት ነውና ይህን ምክራቸውን አንባቢ እንዲይዘው እፈልጋለሁ።

የኤርባግ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ አልጠፋ ሲል አምፖሉን ማስነቀል ጸሐፊው እንዳሉት ርካሽ ነው። መብራቱ የሚናገረው ግን ኤርባጉ በአደጋ ጊዜ ላይነፋ እንደሚችል ነው፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይም ቀበቶውን በቅጽበት የሚያጠብቀው ክፍል የሚታዘዘው በዚሁ መሥመር ነው። በዚህ አጋጣሚ ጸሐፊው ያላነሱት ሌላ ጉዳይ አለ። ታካታ በተባለው የጃፓን ኩባንያ የተሠሩ የኤርባግ መንፊያዎች በዓመታት ሙቀትና እርጥበት ውስጣቸው ስለሚበላሽ፣ ሲነፉ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ሊወረውሩ እንደሚችሉ በመታወቁ ቶዮታን ጨምሮ ብዙ አምራቾች በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና ጠርተዋል። ከእነዚህም መካከል በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተመረቱ ኮሮላና ቪትዝ ይገኙባቸዋል። ተጠቅመውባቸው ወደ እኛ የተላኩ መኪኖች ጥገናውን አግኝተው መሆን አለመሆናቸው በዓይን አይታወቅም፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ከአምራቹ ድረ ገጽ ወይም ከወኪሉ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከሁሉም ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ስለ ሕፃናት የተጻፈው ነው። ጸሐፊው የሕፃናት ወንበር ውድ መሆኑን ጠቅሰው፣ በከተማ ውስጥ መኪና ከ40 በላይ ስለማይሄድ እናት ልጇን አጥብቃ ከያዘች በቂ ነው ብለዋል። በራሳቸው ቁጥር እንሂድ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄድ መኪና ከሌላ መኪና ወይም ከግንብ ጋር ተጋጭታ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ብትቆም፣ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ከእናቱ እጅ የሚወጣበት ኃይል ከ110 ኪሎ ግራም በላይ ክብደትን የመሸከም ያህል ነው። ይህ የሚሆነው ሰው ደንግጦ እጁን እንኳ ከማጥበቁ በፊት ነው። የእናት ፍቅር የማይችለው ነገር የለም እንላለን፤ ክንዷ ግን ይህን አይችልም። እናትየው ራሷ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ 60 ኪሎ ግራም የሚሆነው ክብደቷ በዚያው መጠን ተባዝቶ ልጇን ከፊት ወንበር ጋር ይጨፈልቀዋል። አንዳንዶች እንደ መፍትሔ የሚያደርጉት አንዱን ቀበቶ በእናትና በልጅ ላይ አንድ ላይ ማሰር እንደውም የባሰ ነው፤ ቀበቶው የእናቲቱን ክብደት በሙሉ በልጁ ሆድ ላይ ያሳርፈዋል። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆሞ ከአባቱ ጋር እያወራ የሚሄድ ልጅን በየቀኑ በቀለበት መንገድ ላይ እናያለን። ለዚያ ልጅ ከፊቱ ያለው መስተዋቱ ብቻ ነው።

የሕፃን ወንበር በአገራችን ውድ መሆኑ እውነት ነው። ብዙ ቤተሰብ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ልብስና ጫማ ያስመጣል፤ ያንን አንድ ዕድል ለዚህ ወንበር ማዋል ይቻላል። ያገለገለ ከሆነም አደጋ ያላየና በጀርባው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ጊዜ ያላለፈበት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሕፃኑ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው፣ የሚቻል ከሆነም ከዚያ በላይ፣ ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም የጨቅላ ራስ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ለጋ ስለሆነ፣ ግጭት ሲመጣ ጀርባው በሙሉ በወንበሩ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ወንበር የሚሠራ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲነፋ የሚመታው የወንበሩን ጀርባ፣ ከጀርባውም የሕፃኑን ራስ ነው። ወንበሩ ከታሰረ በኋላ በእጅ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም፤ በልጁ ትከሻ ላይ ያለው ማሰሪያም በጣት ሲቆነጠጥ የሚታጠፍ ትርፍ ካለው አልጠበቀም። ልጁ ከዚህ ወንበር ሲያልፍ ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር ከ45 እስኪደርስ ድረስ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልገዋል፤ ቀበቶው በሆዱ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንቱ ላይ፣ በአንገቱ ሳይሆን በትከሻው መሐል ማለፍ አለበትና። ነፍሰ ጡር እናትም የታችኛውን ቀበቶ ከጽንሱ በታች አድርጋ ታስራለች እንጂ ጨርሳ አትተወውም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ለማረም ፈቃደኛ ከሆኑ ስለ ኩላንትና ስለ ዘይት የጻፉት ጥቂት ቢቆይ ግድ የለም። ስለ ሕፃናት የጻፉትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ እንዲያነሱት በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ፤ ጽሑፉን ላጋሩ ሰዎችም የማቀርበው ልመና ይኸው ነው።